ሦስት ጆንያ ዛላና የቢራቢሮዎች ድልድይ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 8

ውሃ የለም። ትናንትም አልነበረም። ከጎረቤቴ ከእትዬ አስናቀች በርሜል አንድ ጆግ ወስጄ ተጣጠብኩ። ዳቦ በሻይ። ከተክለ ሃይማኖት እስከ ዱባይ ተራ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። አዲስ ነገር የለም።

ከሰዓት ፍሬሕይወት ደወለች፤ የጋዜጣው የሳምንቱ ዕትም አዘጋጅ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የሳይንስ ገጹን የምጽፈው እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ አንድ የደሴ መምህር ጥያቄ ልኳል።»

አንድ ዓይነት ቢራቢሮ ሩሲያም ካናዳም እንዴት ሊገኝ ቻለ? በመካከሉ ባሕር አለ አይደለም ወይ? ጥያቄው ይኸው ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው።

«ይጽፉልኛል?»

«እጽፋለሁ።»

«ደህና ነዎት ግን?»

«ደህና ነኝ።»

ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቀኛል። መልሱ አንድ ስለሆነ አያደክምም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 10

ሰአዳ መጣች፤ የባለቤቴ ታናሽ እህት። በርበሬ በረንዳ ባለው ሱቅ ሁለቱ ነበሩ የሚሠሩት፤ አሁን ብቻዋን ናት። ስለ ጓዳው ልትናገር እንደመጣች ገና ስትገባ አወቅኩ። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር።

ባለቤቴ በታኅሣሥ ሦስት ጆንያ ዛላ በርበሬ ገዛች። ማረቆ፣ በእጇ መርጣ። በየዓመቱ እንዲህ ነበር። በርበሬ ሲረክስ ትገዛለች፣ በጥር ፀሐይ ታሰጣዋለች፣ ቀንጥሳ ታስፈጫለች። ይኼ የሱቅ አይደለም። ግማሹ ለቤት፣ ግማሹ ለሰደቃ። ዘንድሮ ጥር እንደገባ ሞተች። ቀብር፣ ለተዝያ የሚመጣ ለቀስተኛ ወጣ ገባ... ሰው ሲበተን በርበሬው ያለበትን ጓዳ ቆለፍኩት። ረመዳንም አለፈ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ለምን? አላውቅም።

«ጋሼ፣ በልጉ እየዘነበ ነው። በርበሬው እርጥበት ይስባል።»

«ይደርሳል።»

«በየካቲትም ይደርሳል ብለውኛል። ክረምት ከገባ በምን ፀሐይ ነው የምናሰጣው?»

«ይደርሳል አልኩሽ እኮ።»

«እሺ፣ በመብራት እናሰጣዋለን።» ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 13

ቀኑን ሙሉ ማንበብ።

ሩሲያና አላስካ በሚቀራረቡበት ጫፍ ዛሬ ያለው ባሕር ጥልቀት የለውም። በበረዶ ዘመን የዓለም ውሃ በግግር በረዶ ተይዞ ሲቀር ባሕሩ ከመቶ ሜትር በላይ ወረደ። ወለሉ ደረቀ፣ ሣር በቀለበት። ድልድይ ይሉታል። ግን ድልድይ አይመስልም፤ ከዳር እስከ ዳር የማይታይ አገር ነበር። መሬቱ ብቅ ያለው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ከበረዶው ዘመን በፊትም ብዙ ጊዜ ደርቆ ያውቃል።

ቢራቢሮዎች መጀመሪያ የተነሡት ከአሜሪካ ምድር ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ከዚያ ወደ እስያ። ከእስያ ደግሞ ሌሎች ወደ አሜሪካ፤ በየተራ፣ በተራና በተራ መካከል ሚሊዮን ዓመታት እያለፉ። አየሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ብርድ የሚችለው ብቻ ነው የሚያልፈው። በመጨረሻ በረዶው ቀለጠ፣ ባሕሩ ተመለሰ። ወዲያና ወዲህ የቀሩት አልተገናኙም። አንዳንዶቹ እየቆዩ ሌላ ዝርያ ሆኑ። አንዳንዶቹ ዛሬም እዚህና እዚያ ያው ናቸው።

ከእነዚህ አንዷ ክንፏ ጥቁር ቡናማ ነው፣ ጠርዙ ቢጫ። አውሮፓም፣ እስያም፣ ሰሜን አሜሪካም አለች። አሜሪካኖች «የሐዘን ካባ» ይሏታል። በብርዱ ወራት አትሞትም። የዛፍ ቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ ትገባለች፣ ክንፏን ታጥፋለች፣ በቃ። አትበላም፣ አትነቃነቅም። ያያት ሰው የሞተች ይመስለዋል። አየሩ ለቀቅ ሲል ከሁሉ ቀድማ የምትወጣው እሷ ናት።

ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል። ሌላ ነገር አልተሰማኝም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 15

ጠዋት ኮርኒሱ ላይ ትንንሽ የእሳት እራቶች። አምስት ወይም ስድስት። አንዷን በብርጭቆ ያዝኳት። ጥፍር አታክልም። የክንፏ ላይኛው ክፍል አመድማ፣ ጫፉ መዳብ የመሰለ። ከመጽሐፍ አመሳከርኩ። ትሏ እህል፣ ለውዝ፣ ደረቅ ፍራፍሬ፣ ቅመም ትበላለች። ሰው ባለበት አህጉር ሁሉ አለች። ድልድይ አላስፈለጋትም፤ በጆንያ ነው የተጓዘችው።

መዘገብኩት። ለጽሑፉ ሊጠቅም ይችላል።

ከየት መጡ? መስኮቱ ክፍት ነበር።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 17

የጻፍኩትን ሁሉ መጀመሪያ የምትሰማው ባለቤቴ ነበረች። እኔ አነባለሁ፣ እሷ እጇ ሥራ ላይ ሆኖ ታዳምጣለች። ያልገባት ቦታ ላይ «እ?» ትላለች። ያንን መስመር እሰርዛለሁ። አሁን የሚሰማ ስለሌለ ረቂቁን ይዤ ሙናዊር ጋ ሄድኩ። ሙናዊር ዱባይ ተራ ጫማ ይሸጣል። የድሮ ወዳጅ ነው።

«አቶ ጋዜጣ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ?»

«ቢራቢሮ።»

«በችርቻሮ ነው በጅምላ?»

አነበብኩለት። በመሃል ደንበኛ ገባ፣ አርባ ሁለት ቁጥር ጠየቀ፣ አልስማማ ብሎ ወጣ። ቀጠልኩ።

«ቆይ» አለኝ። «ያን ሁሉ አገር ሲያቋርጡ ጉምሩክ አልያዛቸውም?»

«ጉምሩክ አልነበረም።»

«አይ ዘመን። ያኔ ነበር መነገድ።» ከዚያ ቆም አለና «የምሬን ልጠይቅህ። የመጀመሪያዋ፣ ከእስያ ተነሥታ አሜሪካ የደረሰችው፣ ምን ያህል ጊዜ ፈጀባት?»

«እሷ አልደረሰችም።»

«ታዲያ ማን ደረሰ?»

«አብዛኞቹ ቢራቢሮዎች ሳምንታት ነው የሚኖሩት። የተፈለፈለችበት ሜዳ ላይ ትበላለች፣ እንቁላል ትጥላለች፣ ትሞታለች። ልጇ ትንሽ ወዲያ ትላለች። የልጅ ልጇ ትንሽ ወዲያ። ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር የተሻገረ የለም። ሁሉም የኖረው እቤቱ ነው።»

ሙናዊር ጫማውን ወደ ካርቶኑ መለሰ።

«አባቴ ከስልጤ ሲመጣ ለአንድ ወር ብሎ ነው፤ ጠርሙስ ሊሸጥ። ይኸው አለሁልህ።» ክዳኑን ገጠመ። «ይሄን ጻፈው። በረዶውን ቀንስ። በረዶው በዝቷል።»

ልክ ነው፣ በዝቷል። እዚያው ቁጭ ብዬ ሰረዝኩ። እሷም ብትኖር በረዶው ላይ ነበር «እ?» የምትለው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ላክሁት። ፍሬሕይወት ደወለች።

«ጋሼ፣ ቆንጆ ነው። ግን ሩቅ ነው። ለእኛ ሰው ቅርብ የሆነ አንድ አንቀጽ ቢጨምሩበት?»

የእሳት እራቷን ነገር ጨመርኩ። ቢራቢሮዎች በክንፋቸው በሺህ ትውልድ ያዳረሱትን እሷ በነጋዴ ጆንያ በጥቂት መቶ ዓመት እንዳዳረሰችው። ምልክቷንም ጻፍኩ፤ በጆንያው አፍ ላይ ቀጭን ድር፣ በድሩ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ። መፍትሔውንም፤ ሳይዘገይ ማውጣት፣ መለየት፣ ደህናውን ፀሐይ ማስመታት፣ የተበላውን ከቤት ማራቅ። ካልሆነ ግድግዳ ለግድግዳ ወደ ጎረቤት ትሻገራለች።

ጽፌ ላክሁ። በጓዳው በር አልፌ ገብቼ ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 24

ወጣ። ሁለት የፊደል ስህተት። ሥዕሉ የሌላ ቢራቢሮ ነው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 26

እትዬ አስናቀች ወንፊት ይዘው መጡ። ግድግዳ እንጋራለን፤ የእኔ ጓዳና የእሳቸው ማጀት ጀርባ ለጀርባ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ የሚኖሩት ሽሮ አዘጋጅተው በመሸጥ ነው። ወንፊቱን አሳዩኝ። ነጫጭ ትል፣ በድር የተያያዘ ዱቄት።

«ከሪም፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ትል ነው፣ እትዬ።»

«ትልነቱንማ አየሁት፤ ዓይን አለኝ። ከየት መጣብኝ ነው የምልህ? አንድ ደንበኛዬ ትናንት መለሰችልኝ። ሰው ፊት ከፍታ እያሳየች። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።»

ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሁለት ሳምንት የሠራ ጋዜጠኛ እንኳ ያውቀዋል።

«አላውቅም» አልኳቸው።

ወደ ጓዳው በር አዩ። ከዚያ ወደ እኔ። ወንፊታቸውን ይዘው ወጡ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27

ሰአዳ ጋዜጣውን ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«ስሜ አለበት።»

«'በጆንያው አፍ ላይ ቀጭን ድር' ይላል። አንብቤ ደንግጬ ሱቁን ሙሉ አራገፍኩት። አንድ ነገር የለም፣ አልሐምዱሊላህ። ማታ እትዬ አስናቀች ደወሉልኝ።» ጣቷን መስመሩ ላይ አደረገች። «'ወደ ጎረቤት ትሻገራለች።' ለመርካቶ በሙሉ ነገሩ። ለጓዳዎስ ማን ይንገርልዎ?»

ጋዜጣውን አጠፍኩት። ብዙ ጠበቀችኝ።

«ከከፈትኩት አለቀ» አልኳት።

«ምኑ?»

«እሷ እንዳስቀመጠችው ነው ያለው።»

«አይደለም ጋሼ። እንዳስቀመጠችው አይደለም ያለው። እየተበላ ነው ያለው።»

ይህንንም ተናግራ ማልቀስ ጀመረች። እህቷ ናት። እስካሁን ፊቴ አላለቀሰችም ነበር። ውሃ ሰጠኋት።

ቁልፉን አልሰጠኋትም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 1

እትዬ አስናቀች ቆርቆሮና በርሜላቸውን ሁሉ ግቢ አውጥተው በፈላ ውሃ ሲያጥቡ ዋሉ። ሽሮውን ደፍተውታል። መሸጥ አቁመዋል። ወሬው ሰፈር ገብቷል፤ የገዙትን ሽሮ ለመመለስ የመጡ ሁለት ሴቶች በር ላይ አየሁ።

ማታ በሬን አንኳኩ። ውሃ መጥቷል፣ ቅዳ ሊሉኝ ነው። እኔ እንደሆንኩ ባልዲ አላዘጋጀሁም፤ የራሳቸውን ሞልተው ሰጡኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

እሑድ፣ ግንቦት 2

ከፈትኩት። ብቻዬን፣ በጠዋት።

ጣሪያው በሙሉ የእሳት እራት። በሩን ስከፍት ተነሡ። መስኮት የለውም፤ ወደ ብርሃኑ፣ ወደ እኔ መጡ። ሁለቱ ጆንያዎች አፋቸው ነጭ ሆኗል፣ ሻሽ የተሸፈነ ይመስላል። ነካሁት። ድሩ እጄ ላይ ቀረ። አንዱን ፈታሁት። የላዩ ዛላ ቅርጹ ደህና ነው፤ ቀይ ነው። ሳነሣው ቆዳ ብቻ ሆነ፣ ውስጡ ባዶ፣ ብናኝ።

ሦስተኛው ጥግ ነው። በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልሎ አፉ ተጠፍሯል። ገመዱን በእጄ መፍታት አቃተኝ። የእሷ እጅ ጠንካራ ነው።

ምንም አላደረግኩም። ወጥቼ በሩን ክፍቱን ተውኩት። ሰአዳን ደወልኩላት። «ነይ» አልኳት።

ሰኞ፣ ግንቦት 3

ሰአዳ ሱቋን ዘግታ መጣች። ሁለት ተሸካሚዎች ጆንያዎቹን ግቢ አወጡ። እትዬ አስናቀች ሳይጠሩ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው ተቀመጡ። ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ አሰሩ።

አንዱ ተሸካሚ የተበላውን እዚሁ እናቃጥለው አለ።

«አንተ፣ የበርበሬ ጭስ ታውቃለህ?» አሉት እትዬ አስናቀች። «እስከ አውቶቡስ ተራ ሰው ልትፈጅ ነው? ዞር በል።»

ሰአዳ ሳቀች። ደግሞ አስነጠሳት። ከዚያ ሁላችንም።

ሁለቱ ጆንያዎች ሙሉ በሙሉ ተበልተዋል። በላስቲክ ታስረው በቆሻሻ መኪና ተወሰዱ። ሦስተኛውን ሰአዳ ገመዱን በቢላ ቆረጠችው። ቆረጠችው። ዛላው ደህና ነው። ቀይ፣ ሽታው ያለ።

«ይሄን ለብቻው ለምን እንደጠቀለለችው ያውቃሉ?» አለች ሰአዳ።

«አላውቅም።»

«የሰደቃው ነው። ሁልጊዜ የሰደቃውን ታስበልጣለች። የቤቱ ለምን ሜዳ ላይ ይቀራል ስላት፣ 'እሱ ያው ምን እንደሚበላ አያውቅም' ትለኝ ነበር።»

እትዬ አስናቀች ሳቁ። እኔም... እንጃ። ፊቴ ላይ የሆነ ነገር ሆነ።

እየቀነጠስን ሳለ እትዬ አስናቀችን «ከየት እንደመጣ አውቅ ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። እኔም አንተ እስክትከፍት ነው የጠበቅሁት። እኔስ የሟቹን ካፖርት ስንት ዓመት ሰቅዬው ነበር?» የቀነጠሱትን ሰፌዱ ላይ ጣሉ። «ብል ጨረሰው። ግንጩን እዚያ አትጣል፣ እዚህ ነው።»

እሑድ፣ ግንቦት 9

በርበሬው ግቢ ውስጥ ተሰጥቷል። ዝናብ ባስፈራራ ቁጥር ሮጠን እናነሣለን። እኔ ስሮጥ ማየት ሰአዳን ያስቃታል። ጓዳው በኖራ ተቀባ። ለእትዬ አስናቀች ሰአዳ አተርና ሽንብራ አምጥታላቸዋለች፤ አልቀበልም ብለው ተከራከሩ፣ ተሸነፉ። ሐሙስ ሽሮ መቁላት ይጀምራሉ።

አንድ አንባቢ ጽፎልኛል። «የሐዘን ካባ» ያልኳት ቢራቢሮ ከስንጥቋ ስትወጣ ክንፏ ለምን የተበላሸ ይመስላል ይላል። ምክንያቱም ያው ክንፍ ነው። ያረጀ ነው፤ አዲስ አያበቅልም። በዚያው ትበራለች። ለቀጣዩ ዕትም ይህንን እመልሳለሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12

ወፍጮ ቤት። ወረፋ ረጅም ነው፤ ለአረፋ ሁሉም ያስፈጫል። ቅመሙን ሰአዳ መጠነችው፤ ነጭ አዝሙድ፣ ኮረሪማ፣ ጨው፣ ሌላውን አላውቅም። «እንደሷ ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኳት። «አይሆንም» አለችኝ። «እኔ አብሽ አበዛለሁ።»

ትኩሱ ዱቄት ሲወጣ ቀመስኩ። አብሽ በዝቶበታል። ነገርኳት። ተናደደች።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18

ነገ አረፋ ነው። መርካቶ ከጥዋቱ ጀምሮ ሰው እየቀነሰበት ነው። ሙናዊር ትናንት ልጆቹን ጭኖ ወደ ስልጤ ሄደ፤ ዱባይ ተራ ከግማሽ በላይ ዝግ ነው። «የቢራቢሮው ሰውዬ፣ እኔ ድልድዩን ልሻገር ነው» ብሎ ደወለልኝ።

ሰደቃውን ጠዋት ከሰአዳ ጋር በፌስታል በፌስታል አደረግን። ለእትዬ አስናቀች መጀመሪያ። ለሌሎቹ የምታውቀው ሰአዳ ናት፤ በየዓመቱ የሚሰጣቸውን ቤቶች። አንድ ሲተርፍ «ይሄን እርስዎ ይስጡ» አለችኝ።

«ለማን?»

«ላገኙት።»

በርበሬ በረንዳ ሄድኩ። ከተሸካሚዎች ጆንያ የሚፈስሰውን ዛላ ከመሬት እየለቀሙ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። አንዷ ግድግዳ ጥግ ተቀምጣ አፈሩን እያራገፈች ነበር። ልጅ አይደለችም፣ አሮጊትም አይደለችም። ፌስታሉን ሰጠኋት። ከፍታ አሸተተች። እንደ ባለሙያ፤ ሁለት ጊዜ።

«አብሽ በዝቶበታል» አለች።

«ነግሬያት ነበር።»

«ግን ጥሩ ዛላ ነው። ደህና ሰው ነው የመረጠው።» አፉን ቋጠረችው፣ ጎኗ አስቀመጠችው። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ለዱዓ ዘረጋች። «በማን ስም ላድርግ፣ አባቴ?»

ይህ ይጠየቃል። ሰደቃ ሲሰጥ ሁልጊዜ ይጠየቃል። አውቀዋለሁ፤ ሳልዘጋጅ ነው የሄድኩት። ከጥር ጀምሮ ማንም አልጠየቀኝም፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ። ለማያውቅ ሰው ነግሬ አላውቅም። እዚህም ጽፌው አላውቅም፣ አሁን ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ፤ «ባለቤቴ»፣ «እሷ»...

ሴትዮዋ እጇን እንደዘረጋች ጠበቀችኝ። ሰው በመካከላችን ያልፋል፣ ጋሪ ያልፋል።

«ጠሂራ» አልኳት። ደግሜ «ለጠሂራ። ባለቤቴ ናት። በጥር ሞተችብኝ።»

«አላህ ይርሐማት። ቀብሯን ኑር ያድርግላት።» ጠሂራ፣ ጠሂራ እያለች ረዥም ዱዓ አደረገች፤ እንደምታውቃት። እኔ እዚያው ጆንያው መሃል ቆሜ አለቀስኩ። ከሰው መሃል። በርበሬ በረንዳ ዓይን ማንባቱ አዲስ ስላልሆነ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ፣ አልቸኮለችም።

«አሚን» አልኩ።